ሐራጅ ላይ ዋጋ የሚያስቀንሱት አቶ ሲክስተን

የተጠራለትን ዋጋ ሳይከራከር ከፍሎ ቤቱ ከገባ እንቅልፍ በዓይኑ የማይዞር ሰው በየአገሩ አለ። ጎረቤታችሁ ነው፣ አጎታችሁ ነው፣ ካልሆነም ራሳችሁ ናችሁ። ሻጩ መቶ ሲለው ሃምሳ ይላል። ሃምሳ ብሎት ቢሆን ኖሮ ሃያ አምስት ይል ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው ገበያ ሁሉ ያውቀዋል፣ ችሎትም ይኖራል። የእኔ ዕጣ ግን ከሌላው ሻጭ ዕጣ ትከፋለች። እኔ ሐራጅ መሪ ነኝ። እኔ መድረክ ላይ ከወጣሁ ዋጋ የሚያውቀው አንድ መንገድ ብቻ ነበር፤ ወደ ላይ። ይህ እንግዲህ ክቡር አቶ ሲክስተን ወደ ሕይወቴ ከመግባታቸው በፊት ነው።

እኛ በደቡብ ስዊድን የምንኖር ስሞላንዶች በቁጥብነታችን የታወቅን ነን፤ ቢሆንም ዋጋ መከራከር እኛም ዘንድ ነውር ነው። ሰው ሐይቅ ዳር ልብሱን አውልቆ ቢዋኝ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ሱቅ ገብቶ "ትንሽ ቀንሱልኝ" ካለ ግን ለልጅ ልጁ ይተርፋል። ሐራጅ ላይ እንኳ ድምፁን የሚያሰማ የለም። አንዱ ቅንድቡን ከፍ ያደርጋል፣ ሌላው አገጩን ይነቀንቃል፤ ጨመረ ማለት ነው። አንድ ገበሬ አስነጥሶት ማረሻ ገዝቶ ሄዷል። "አስነጥሶኝ ነው" ማለቱን አፍሮ፣ ማረሻውን ጭኖ፣ አመስግኖኝ ነው የሄደው።

እንዲህ ባለ ጨዋ ሕዝብ መሀል ነው እንግዲህ አቶ ሲክስተን የተፈጠሩት።

ዕድሜያቸውን ሙሉ የገጠር አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጆሮ የተረፋቸው ሰው ናቸው። የሚገዙት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መስፍ። ያ ቀጥቃጭ የጋለ ብረቱን አስቀምጦ በመዶሻ የሚወቅጥበት፣ አንድ ወገኑ ቀንድ ያወጣ፣ ሁለት ጎረምሳ ተጋግዞ የማይነቀንቀው የድሮ መስፍ። እሳቸው ራሳቸው ቀጥቃጭ ሆነው አያውቁም። ምስማር ሲመቱ እንኳ ቀድመው የሚያገኙት አውራ ጣታቸውን ነው ይባላል። ግን በዚያ የአውቶቡስ መንገድ ላይ በየመንደሩ አንድ አንድ ቀጥቃጭ ቤት ነበረ፤ አንድ በአንድ ሲዘጋ ያዩት እሳቸው ናቸው። በተዘጋ ቁጥር ሐራጅ ይጠራል፣ ሐራጅ በተጠራ ቁጥር እኔ አለሁ፣ እኔ ባለሁበት ሁሉ ደግሞ አቶ ሲክስተን አሉ።

ሥርዓታቸው አይዛነፍም። ሐራጁ ከመጀመሩ በፊት በመሐረብ የተጠቀለለች ትንሽ መዶሻ ከኪሳቸው ያወጣሉ። አንድ ጣት ወደ ሰማይ ያነሳሉ። "ፀጥ!" ይላሉ። ሰዉ ሁሉ ፀጥ ይላል። ሩኔ፣ የመንደራችን ስፖርት ክለብ ሊቀመንበር፣ በየሐራጁ ለክለቡ ገቢ ቋሊማ የሚጠብሰው፣ እሱ እንኳ ማገላበጫውን አየር ላይ ይዞ ይቆማል። አቶ ሲክስተን መስፉን ኳ ያደርጉታል፣ ጆሯቸውን ዝቅ አድርገው ያዳምጣሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ከዚያ ቀና ብለው፣ ለቤተሰብ መርዶ እንደሚነግር ሐኪም፣ ፍርዱን ይሰጣሉ።

"ሳል ይዞታል።"

ጤነኛ መስፍ አጋጥሟቸው አያውቅም። ደረቅ ሳል አለ፣ እርጥብ ሳል አለ፣ "ይሄማ የልጅነቱ ነው፣ አይለቀውም" የሚባልም አለ። የመስፉ ባለቤት ቆሞ ይሰማል። ፊቱ ይገረጣል። እኔ ጉሮሮዬን ጠርጌ እጀምራለሁ።

"ለዚህ ውብ መስፍ ሁለት ሺህ ክሮና!"

"አንድ ሺህ፣" ይላሉ አቶ ሲክስተን።

"ጋሽ ሲክስተን፣ ሁለት ሺህ ላይ ነን።"

"ሁለት ሺህ ላይ ያለሽው አንቺ ነሽ፣ ልጄ። እኔ አንድ ሺህ ላይ ነኝ። መሀል መንገድ ላይ እንገናኝ።"

"ሐራጅ ወደ ላይ ነው የሚሄደው!"

"መስፍ ወደ ላይ ሲሄድ አይተሽ ታውቂያለሽ?"

አንድ ዝናባማ መከር ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። ሰው የለም፣ ሁሉም ከዝናቡ ሸሽቶ ቋሊማው ጋ ተሰብስቧል። አቶ ሲክስተን ብቻቸውን አንድ ሺህ አምስት መቶ ላይ ደርሰዋል። እኔም "አንድ ጊዜ! ሁለት ጊዜ!" ብዬ መዶሻዬን አነሳሁ።

"ቆይ፣ ቆይ!" አሉ።

"ምነው?"

"ከኔ ሌላ የጠየቀው አለ?"

"የለም።"

"ማንም ካልፈለገው ታዲያ በምን ሒሳብ ነው አንድ ሺህ አምስት መቶ የሚያወጣው?"

ለዚህ ጥያቄ መልስ ያስተማረኝ የለም። መዶሻዬ አየር ላይ ቀረ፣ ክንዴ ዛለ፣ ዝናቡ በአንገቴ ገባ። በአንድ ሺህ ሁለት መቶ ሰጠኋቸው። አላበቁም። "ምራቂውስ?" አሉ። መስፉ የተቀመጠበትን ጉማጅ ግንድ መረቅኋቸው። ጉጠቱንም አሉ፤ ጉጠቱንም ሰጠሁ። ከዚያ ግንዱ ላይ ተጠቅልላ የተኛችውን ድመት ማየት ጀመሩ።

"ድመቷ የቤቱ ናት!" ብዬ ጮህኩ።

"አልጠየቅሁም፣" አሉ ቅር ብሏቸው። "ግን ምራቂዬ ላይ ነው የተኛችው።"

ከሐራጅ ውጪም ያው ናቸው። ሩኔን "ሰናፍጭ አልፈልግም፣ ስንት ትቀንስልኛለህ?" ይሉታል። ቄሱ አራት መዝሙር እንዘምራለን ሲሉ ከኋላ ወንበር "ሦስት ይበቃል" የሚል ድምፅ ይሰማል፤ እውነቱን ለመናገር ሦስት ይበቃል። ባለቤታቸው ሲግኔ፣ ነፍሷን ይማርና፣ "እኔን ሲያገባ እናቴን ምራቂ ብሎ ወሰዳት" ትል ነበር። አማቲቱም እነሱ ቤት ሠላሳ ዓመት ኖራለች።

ባለፈው ፀደይ መጀመሪያ ልጃቸው ማሊን ስልክ ደወለችልኝ። ማሊን ቬክሾ ከተማ የምትኖር የጥርስ ሐኪም ናት፤ የአባቷን ጆሮ እንጂ ጠባያቸውን አልወረሰችም። አባቷ ክረምቱን በረዶ ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሯል። ድኗል፣ ግን እንደ ድሮው አይሆንም። ቤቱ ተሸጧል። እሷ አጠገብ ትንሽ አፓርታማ ተገኝቶላቸዋል።

"መስፎቹ ሦስተኛ ፎቅ አይወጡም፣ ጉኔል፣" አለችኝ። "አንቺ ሽጪልን።"

"እሳቸውስ?"

"በዕለቱ እኔ ጋ ከተማ ይውላል። ቃል ገብቶልኛል።"

"አባትሽን እንዴት ቃል አስገባሻቸው?"

"ሙሉ ቀን አልኩት፣" አለች። "ግማሽ ቀን ላይ ተስማማን።"

የሐራጁ ቀን በርች ዛፎቹ ገና ቅጠል እያወጡ ነበር። ተጎታች ያሰሩ መኪኖች መንገዱን ዳርና ዳር ሞልተውታል። የጎተራውን በር ስከፍት ሰዉ ኮፍያውን አወለቀ። ለምን እንዳወለቀ እሱም አያውቅም። ሃያ ያህል መስፍ፣ ዘይት ተቀብቶ፣ እያንዳንዱ በየራሱ ግንድ ላይ፣ በሁለት ረድፍ ቆሟል። ከአንዱ በቀር ሁሉንም ከዚህ ቀደም የሸጥኩላቸው እኔ ነኝ። አንድ ላይ ሆነው ሳያቸው ግን ያን ሁሉ ዓመት የሸጥኩት አሮጌ ብረት መስሎኝ እንደነበር ገባኝ።

ከጠዋት ጀምሮ ሥራው እንደ ቅቤ ሄደ። አንድ ሰብሳቢ ከዴንማርክ መጥቷል፣ ሌሎችም ከሩቅ መጥተዋል። ቅንድብ ይነሳል፣ አገጭ ይነቀነቃል፣ ዋጋው ዝም ብሎ ይወጣል። "አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ተሸጠ!" የሚያቋርጠኝ የለም። የሚያስነጥስም የለም። ሥራዬ እንዲህ ቀላል መሆኑን አላውቅም ነበር። እንዲህ አሰልቺ መሆኑንም።

እኩለ ቀን ሲሆን የማሊን መኪና ግቢው ውስጥ ገባ።

አቶ ሲክስተን የእሑድ ኮታቸውን ለብሰው፣ ዱላ ተደግፈው ወረዱ። ከክረምቱ ወዲህ አላየኋቸውም ነበር። ኮታቸው ሰፍቷቸዋል። ማሊን ክንዳቸውን ይዛ በጆሯቸው፣ ግን ሁላችንም በምንሰማው ድምፅ ትመክራቸዋለች።

"ዛሬ ገዢ አይደለህም አባዬ፣ ሻጭ ነህ። ዝም አይነቅዝም። አንዲት ቃል እንዳትወጣህ።"

"እንኳን ቃል፣ ትንፋሽም አይወጣኝም።"

የመጀመሪያውን መስፍ ቻሉት። ሁለተኛው ሲሸጥ ከንፈራቸውን ነክሰው ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። በሦስተኛው ላይ ዴንማርካዊው ወደ እኔ ዞሮ "የዚህኛው ድምፅ እንዴት ነው?" ብሎ ጠየቀኝ።

"ደወል ነው!" አልኩት።

"ሳል ይዞታል፣" የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ።

"አባዬ! የራስህ ዕቃ እኮ ነው!"

"የራሴ ስለሆነ ነዋ የማውቀው! ሌሊት ሌሊት ይብስበታል።"

"አራት ሺህ ላይ ነን፣" አልኩ ቶሎ ብዬ።

"ሦስት ይበዛበታል፣" አሉ አቶ ሲክስተን።

"ጋሽ ሲክስተን፣ ሻጩ እርስዎ ነዎት!"

"ታዲያ ሻጭ ስለሆንኩ ሰው ሲሞኝ ቆሜ ልይ?"

ዴንማርካዊው ግራ ተጋባ። ሽማግሌውን አየ፣ መስፉን አየ፣ ሽማግሌውን ደግሞ አየ። ነገሩ ሽማግሌው መስፉን ላለመሸጥ የሚሠሩት ተንኮል መሰለውና "አምስት ሺህ!" አለ፣ በአፉ። ሌላ አንድ ሰው ደግሞ ዴንማርካዊው ያወቀው ነገር አለ ብሎ አምስት ተኩል አለ። ከዚያ በኋላ የቀረው ሁሉ እንዲሁ ሆነ። አቶ ሲክስተን "ሳል ይዞታል" ባሉ ቁጥር ዋጋው ይወጣል፤ ዋጋው በወጣ ቁጥር እሳቸው በሐዘን ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። በሕይወቴ እንዲህ ሸጬ አላውቅም።

በመጨረሻ ትልቁ ቀረ።

ጥግ ላይ ለብቻው የቆመ፣ ከግራም ከቀኝም ቀንድ ያለው መስፍ ነው። እሱ ጋ ስደርስ አቶ ሲክስተን መዶሻቸውን አላወጡም። ጀርባውን በመዳፋቸው ዳሰሱት፣ ከዚያ ለማንም ሳይሆን እንዲያው መናገር ጀመሩ።

"ይሄ የኢቤ ነው። የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ነበር ቀጥቃጭ ቤቱ። የመልሱ ሰዓት እስኪደርስ እሱ ዘንድ ነበር የምሞቀው። አንድ ክረምት ሙሉ በየቀኑ በዚህ መስፍ ተከራከርን። እሱ ይጠራል፣ እኔ እቀንሳለሁ። በረዶው ሲቀልጥ 'በቃ ውሰደው' አለኝ። 'ውሰደው፣ ግን ነገም መጥተህ ተከራከረኝ።'"

"ሄዱ?" አልኩ።

"እስከሚሞት ድረስ። በምን እንደምንከራከር እንኳ ጠፍቶን ነበር።"

እኔም ሥራዬ ነውና መነሻውን ጠራሁ። የቀሩት ተጫራቾች ሁለት ብቻ ናቸው። አንደኛዋ ቱቫ ናት። ቱቫ የድሮውን የወተት ማኅበር ቤት ተከራይታ ቀጥቃጭ ቤት ከከፈተች ገና ዓመቷ ነው። ክንዷ ላይ የእሳት ፍንጣሪ ጠባሳ አላት፣ የምትሠራበት መስፍ ደግሞ የተዋሰችው ትንሽዬ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ሌላ ነገር ዞራ አላየችም። ሁለተኛው በስልክ ነው። የስቶክሆልም ሆቴል ባለቤት። ስልኩን ጆሮው ላይ የያዘው ሩኔ ነው፤ በሌላ እጁ ማገላበጫውን አልለቀቀም።

አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት እያለ ወጣ። ቱቫ ስምንት ሺህ አለችና ቆመች። ከዚያ በላይ እንደሌላት ፊቷ ይናገራል። ሩኔ ስልኩን ሰምቶ "ስምንት ተኩል" አለ፣ አፍሮ።

"ለምን እንደሚፈልጉት ጠይቃቸው፣" አሉ አቶ ሲክስተን።

ሩኔ ጠየቀ፣ አዳመጠ። "ለሆቴሉ መግቢያ ነው ይላሉ። አበባ ይቀመጥበታል።"

"አበባ፣" አሉ አቶ ሲክስተን።

ሌላ አልጨመሩም። ሳል እንኳ አላሉም። ቱቫ ጓንቷን ኪሷ ውስጥ ከተተች። እኔ መዶሻዬን አነሳሁ። "አንድ ጊዜ።" ክንዴ ከበደኝ። ያን ሁሉ ዓመት ያቋረጠኝ ድምፅ አሁን እንዲመጣ ጠበቅሁ፤ አልመጣም። ሲያፈርሱት ቢውሉም አሁን ለልጃቸው የገቡትን ቃል እየጠበቁ ነው። "ሁለት ጊዜ።"

ማሊን አባቷን አየች። ዱላው ላይ የተጨመቁ ጣቶቻቸውን አየች። ከዚያ እንደ መቆጣትም እንደ ማልቀስም እያደረጋት፣ "በቃ፣ ተናገር አባዬ!" አለች።

"ቆይ!" አሉ አቶ ሲክስተን። "መዶሻው ሳይወርድ ሻጭ ዕቃውን መመለስ ይችላል፣ አይችልም?"

"ይችላል። የሐራጁ ደንብ ነው።"

"መልሼዋለሁ።"

ሩኔ ለስልኩ በትሕትና ነገረው፣ ስልኩም በትሕትና ያልሆነ ነገር መለሰ። አቶ ሲክስተን ዱላቸውን እየተከሉ ቱቫ ጋ ሄዱ።

"ስንት ነበር ያልሽው?"

"ስምንት ሺህ።"

"ብዙ ነው። አራት።"

ቱቫ ቀላች። "ጋሼ፣ ምጽዋት አልፈልግም። ያልኩትን እከፍላለሁ።"

"ምጽዋት ማን ሰጠሽ? ቀንዱ ላይ ጭረት አለ፣ አታዪም? አራት ተኩል።"

"ጭረቱን ነው የወደድኩት። ሰባት ተኩል።"

"ሆ! ልጅቷ ልታስከስረኝ ነው! አምስት!"

"ኪሳራው የማን ሆነና? ሰባት!"

ሻጭ ወደ ታች፣ ገዢ ወደ ላይ ሲጎትት ማናችንም አይተን አናውቅም። ሰዉ ቋሊማውን እንደያዘ ከበባቸው። በየዋህነታቸው የታወቁ፣ ድምፃቸውን ከቄሱ በቀር ማንም ሰምቶት የማያውቅ ገበሬዎች "አትልቀቂ ቱቫ!" "ቀንሱ ጋሼ፣ ቀንሱ!" እያሉ መጮህ ጀመሩ። የአቶ ሲክስተን ጉንጭ ቀልቷል፣ ኮታቸው የሰፋቸው አልመስል አለኝ። እኔ? እኔ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ራሴን ሳጥን ላይ ቆሜ አገኘሁት። "ስድስት ተኩል ላይ ነን! ከዚህ በታች የሚል አለ?" እያልኩ ነበር።

"ስድስት!" አሉ አቶ ሲክስተን። "ስድስትም ብዙ ነው፣ ግን ደክሞኛል።"

ቱቫ ዱላቸውን አየችና ለዘበች። "ስድስት ትንሽ ነው። ግን እርስዎ ቆመዋል። እሺ።"

መዶሻዬን አወረድኩ። ወድጄ ወደ ታች የሸጥኩት የመጀመሪያ ዕቃ ነው። ማሊን አጠገቤ መጥታ "ያሳደገኝ ሰው ይሄ ነው፣ ምን ላድርገው?" አለች፤ እየሳቀች ዓይኗን ጠረገች።

ወደ ማምሻው ሰዉ ተበተነ። መስፎቹ በየተጎታቹ ላይ ሆነው ወጡ፣ ሩኔም ምድጃውን አጠፋ። ጎተራው ወለል ላይ የቀረው ግንዶቹ የቆሙባቸው ክብ ክብ ምልክቶች ናቸው። አቶ ሲክስተን በመካከላቸው በዝግታ ይሄዳሉ፣ ምልክቶቹን ላለመርገጥ እየተጠነቀቁ። እኔ ጠረጴዛዬን እያጠፍኩ አንድ የሚያጽናና ነገር ልናገር ፈለግሁ። አልመጣልኝም። እንደ እኔ ዓይነቱ ሰው ያለ መዶሻ መናገር አይችልበትም።

"ሐሙስ ሌላ ሐራጅ አለኝ፣" አልኩ። "አንድ የእርሻ ቤት ነው። ይመጣሉ?"

"ምን ልሠራ? ከእንግዲህ አልገዛም። ቦታ የለኝም።"

"እንዲያው ይምጡ።"

ማሊን ውጪ መኪናውን አስነስታ ትጠብቃለች።

"መግቢያው ስንት ነው?" አሉ።

ሐራጅ መግቢያ ኖሮት አያውቅም። ይህን እሳቸው ከኔ በላይ ያውቃሉ።

"ነፃ ነው፣ ጋሽ ሲክስተን።"

ዱላቸውን ተደግፈው አሰቡበት። ትልልቅ ጆሮዎቻቸው በበሩ ብርሃን ቀይ ሆነው ይታዩኛል።

"ግማሹን ቀንሺልኝ።"

"አያዋጣኝም!" አልኩ። "ቤተሰብ አለኝ። ሩቡን ልቀንስልዎ።"

"ግማሹን። አለዚያ አልመጣም።"

ኮፍያዬን አውልቄ ራሴን አከክሁ፣ ወዲያ ዞርኩ፣ ወዲህ ዞርኩ፣ እንደሚገባው አደረግሁ።

"እሺ። ለእርስዎ ስለሆነ ብቻ ነው። ለሰው እንዳይነግሩብኝ።"

እጃቸውን ዘረጉልኝና ተጨባበጥን። ከዚያ በደህና ዋጋ ገዝቶ እንደሚወጣ ሰው፣ ቀና ብለው ወደ መኪናው ሄዱ።